በደም ሥር የገባው አሳ

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን አሞኝ መገናኛ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ልጅ እግሯ ፋርማሲስት የታዘዘልኝን ክኒን ከሰጠችኝ በኋላ ቢጫ እንክብል የሞላበት ብልቃጥ አውጥታ፣ የአሳ ዘይት እንደሆነ፣ ለመገጣጠሚያም ለልብም እንደሚበጅ ነገረችኝ። ልትጠቅመኝ ብላ ነው፤ እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝና አመስግኜ ወጣሁ። ኮተቤ እስክደርስ ታክሲው ውስጥ የማስበው ታላቅ ወንድሜን ዘሪሁንን ነበር።

ያኔ ገና ኮረዳ ነኝ። ዘሪሁን ከእንጦጦ ገበሬዎች ባሕር ዛፍ እየገዛ ኮተቤ መንገድ ዳር አጣና ይሸጣል። ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ ሰው ነበር። አንድ ቀን፣ በዚያ ጉሙ ከተራራው እስከ ሰፈራችን በሚወርድበት የነሐሴ ዝናብ፣ አጣና እያስጫነ ሳለ ሆዱን ይዞ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሐኪም ቤት ስናደርሰው አንጀቱ ተጠማዞ ከፊሉ ሞቷል ተባለ። በዚያው ዕለት ኦፕራሲዮን ሆኖ የሞተውን ቆርጠው አወጡለት።

ከዚያ በኋላ በአፉ ምንም እንዳይገባ ተከለከለ። አንጀቱ እስኪያገግም ምግቡ በደም ሥሩ ይገባል አሉን። እናቴ ይህ ሊዋጥላት አልቻለም። በየማለዳው አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ ከልክለዋት ይዛው ትመለሳለች። ሰው ሳይበላ እንዴት ይድናል ትላለች። እውነትም ያ ትከሻ ሰፊ ሰው ዓይናችን እያየ ከስቶ አለቀ።

ቀዶ ሐኪሙ ረጋ ያሉ፣ ሰው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። አባቴን ጠርተው፣ ቁስለቱን የሚያበርድና ቶሎ የሚያጠግግ ቅባት ያለበት አዲስ ዓይነት የደም ሥር ምግብ መኖሩን፣ እዚህ ግን እንደማይገኝ ነገሩት። ውጭ አገር የሚመላለስ አንድ የአባቴ ወዳጅ ስንት ደጅ ጠንቶ አመጣልን። ከሰውየው ቤት ተቀብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ እንዳይነካው ጃኬቴ ውስጥ አቅፌ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይገፋኝ እየለመንኩ፣ እንደ አራስ ልጅ ተሸክሜው ደረስኩ።

ከረጢቱን ሲሰቅሉለት ውስጡ ያለው ነጭ ነበር፤ ልክ እንደ ወተት። እናቴ ያ ነጭ ነገር በቀጭኑ ቱቦ ወደ ልጇ ሲወርድ እያየች እንባዋን ጠረገች።

«ተመስገን፤ ልጄ ዛሬ ገና በላ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ዘሪሁን አንገቱን ማከክ ጀመረ። ቀጥሎ ደረቱ ቀላ። ከንፈሩ ሲያብጥ ሳይ ግን ነርሷን ተጣራሁ፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁና። አባቴ አርባ ምንጭ ያደገ ስለሆነ በጾም ከቤታችን አሳ አይጠፋም ነበር። ዘሪሁን በልጅነቱ አንዲት ጉርሻ ቀምሶ ልክ እንዲህ ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሹ እንደ ፉጨት ሆኖ ለጥቂት ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ለእሱ በሌላ ድስት ሽሮ ይሠራለት ስለነበር ነገሩን ሁላችንም ረስተነዋል።

«ሲስተር፣ አሳ የበላ ጊዜ እንዲህ ነበር የሆነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩት እንኳ አላውቅም፤ አሳ ከየት ይመጣል?

ነርሷ ቱቦውን እየዘጋች ነበር። ከረጢቱን ዞር አድርጋ ጽሑፉን አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

«ቅባቱ ውስጥ የአሳ ዘይት አለበት» አለች፤ ወዲያው ሐኪም እየጠራች።

እኛን አስወጡን። በበሩ ስንጥቅ መርፌ ሲወጉት፣ ኦክስጅን ሲያደርጉለት አየሁ። እናቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብቻ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር።

«በአፉ ምንም አልገባም እኮ። እዚሁ አጠገቡ ነበርኩ። ማን ነው አሳ ያበላው?»

ከረጢቱን ያቀፍኩበት ጃኬት ገና እርጥብ ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጡ ቆመው አላናገሩንም፤ አግዳሚው ላይ ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። ትንፋሹ እንደተመለሰ ነገሯት።

«ሆስፒታል ሲገባ የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ ብለን ጠይቀናችኋል» አሏት። «ምግብ ልንሰጠው እያወቅን የማይስማማው ምግብ አለ ወይ ብለን ግን አልጠየቅንም።»

እናቴ ገብታ ልታየው ትችል እንደሆነ ብቻ ጠየቀች።

ዘሪሁን ወደ ድሮው፣ ቅባቱ የአኩሪ አተር ዘይት ወደሆነው የደም ሥር ምግብ ተመለሰ፤ እየዋለ እያደረም የእናቴን አጥሚት በማንኪያ ጀመረ። ለመስቀል ቤቱ ነበር።

ያ የአሳ ዘይት ብዙ ሕመምተኛ እንደሚረዳ ዛሬም ከሐኪሞች እሰማለሁ፤ አልጠራጠርም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ዘይቱ አይደለም። ከመካከላችን ክፉ ያሰበለት አልነበረም፤ ሊገድለው የነበረውን ነገር በፍቅር ፈልገን፣ ለምነን፣ አቅፈን ነው ያመጣንለት።

ዘሪሁን አሁን ሸብቷል፤ የካ ሚካኤል አካባቢ ነው የሚኖረው። ለጥርሱ እንኳ ክሊኒክ ሲሄድ ከስሙ በፊት አሳ እንደማይስማማው ይናገራል። ወጣቶቹ ነርሶች ጥርስና አሳን ምን አገናኛቸው ብለው ይስቃሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ፣ መዝገቡ ላይ እስኪጽፉለት እጠብቃለሁ።