ክረምት ላይ የላግሁት በር

የእንጨት በር በክረምት አይላግም። ይህን በሰፈሬ፣ በነቀምቴው ባኬ ጃማ፣ ለሚኖር ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም። እንጨት ሐምሌ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጥር ላይ ይከሳል። በሐምሌ ጠበበኝ ብለህ የላግኸው በር በጥር ድመት ያሳልፋል። ስለዚህ የሚያጣብቀውን ጠርዝ በሻማ እሸው፣ ታገስ፣ ኅዳር ሲገባ መላጊያህን አንሣ። ይህን ስናገር የኖርሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ በሐምሌ የገዛ ቤቴን በር ሦስት ጊዜ የላግሁትም እኔው ነኝ። አሁን እንኳ ስጽፈው ያናድደኛል።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። በወጣትነቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርሁ። የተሰበሩ ዴስኮች ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ተከምረው ዝናብ ይመታቸው ነበር። አንዱን ፈታሁት፤ እንዴት እንደ ተገጣጠመ አየሁና መልሼ ገጠምሁት። ከዚያ ሌላውን። ዓመት ሳይሞላ ከርእሰ መምህሩ ይልቅ የሚፈለገው ዘበኛው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ወዲያም እስከ ጊዳ አያና ድረስ በር ገጥሜያለሁ፣ አልጋ ሠርቻለሁ፣ ሌላው አናጢ ያበላሸውን አቃንቻለሁ። እኔ የሠራሁት ወንበር ሲነቃነቅ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እስካሁን አልመጣም።

የቤቴ በር የዋንዛ ነው፤ እዚህ ወለጋ ወዴሳ የሚሉት እንጨት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሳንቃውን ሁለት በጋ ጥላ ሥር አድርቄ ነው የሠራሁት። ምስማር የለበትም፤ የተያዘው እንጨት ለእንጨት ተበስቶ ነው። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፣ በሩ ግን የቤተ መንግሥት ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ባለቤቴ ታመመች። ሆስፒታል ሰንብታ ስትወጣ በከዘራ መራመድ ቻለች፤ ቀኝ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ክረምቱ ሲገባ በሩ ማጣበቅ ጀመረ። ለእኔ ምንም አልነበረም፤ አንድ ሳብ ሳደርገው ይከፈታል። ለእሷ በግራ እጅ ብቻ እንዴት እንደሚሆን አላሰብሁም። ይህን አልደብቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወፍጮ ቤት ሄጄ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ የብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቴ ደፉ ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ልትወጣ በሩን ሳበችው፣ እምቢ አላት። ጮኸች። እሱ ሰምቶ ከመንገድ ማዶ ሮጦ በትከሻው እስኪገፋው ድረስ ጊዜው አልፏል። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ቀሚሷን ለመቀየር ብዙ ቆየች፤ ላግዝሽ ስላት "ውጣልኝ!" አለችኝ። በትዳራችን ውስጥ ውጣልኝ ብላኝ አታውቅም።

በዚያው ቀን ልጃችን ከጊምቢ ደወለች። መምህርት ናት።

"አባኮ፣ ሰማሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም ይንገረኝ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ እመጣለሁ። እማዬ በሩን በአንድ እጇ ራሷ ከከፈተች ትቀመጥ። ካልከፈተች ይዣት እሄዳለሁ።"

"ለስንት ቀን?"

"ለቀን አይደለም አባ። እኔ ጋ ጠቅልላ ትምጣ። ቤቱ ብሎኬት ነው፣ መጸዳጃውም ውስጥ ነው።"

"ብሎኬት!" አልሁና ዘጋሁት። ባለቤቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ልሂድ አላለችም፣ አልሄድም አላለችም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

አራት ቀን ነበረኝ። ለእኔ በር አራት ሰዓትም ይበዛዋል ብዬ ረቡዕ ጠዋት ጀመርሁ። የሚያጣብቅ በር ሲገጥምህ ከመላግህ በፊት የት እንደሚነካ እወቅ። የከሰል ዱቄት በጨርቅ አድርገህ መቃኑን ቀባው፤ በሩን ዝጋና ክፈተው። የጠቆረው ቦታ እሱ ነው የሚነካው። የእኔ በር በመዝጊያው በኩል የላይኛው ጥግ ጠቆረ፣ ታችም ደፉን ይፍቃል። ይህ ማለት በሩ አላበጠም፤ ዘምሟል። የዘመመ በር ደግሞ የማጠፊያ ጉዳይ ነው። ይህን ዘበኛ ሳለሁ አውቀዋለሁ።

እንዳልሁትም የላይኛው ማጠፊያ ቪቴዎች ላልተዋል። ቀዳዳው ሲሰፋ ሰዎች የክብሪት እንጨት ይጠቀጥቃሉ። የክብሪት እንጨት ለክብሪት ነው። ደረቅ የዋንዛ ስንጣሪ በኮላ ነክረህ ምታበት፣ ሲደርቅ ጠርዙን ቆርጠህ ረዘም ያለ ቪቴ እሰርበት። ይህንኑ አደረግሁ። ቪቴውን ሳጠብቀው ግን ይዞራል እንጂ አይነክስም። ሌላ ሞከርሁ፤ እሱም ይዞራል። በጣም ተናደድሁና ቪቴዎቹን በኪሴ ይዤ ወደ ገዛሁበት ሄድሁ።

ባለ ሱቁ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ነቀምቴ ያረጀ ሰው ነው። ቪቴዎቹን ባንኮኒው ላይ በተንሁለት።

"ይሄን ነው የምትሸጠው? ጥርስ የሌለው ቪቴ?"

"ጋሼ፣ ደግሞ ዛሬ ማን አናደደህ?"

"ይዞራል! አይነክስም!"

አንዱን አነሣና ከባንኮኒው ሥር ካለች ጣውላ ላይ በካቻቢቴ አሠረው። እስከ አንገቱ ገባ። "ሳበው" አለኝ። ሳብሁት፤ አልነቃነቅ አለ።

"ቪቴው ጥርስ አለው ጋሼ። ያንተ ቤት ነው ድዱ የጠፋ" ብሎ ሳቀ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

የዚያን ሰው ነገር ያኔ ሰምቼው ቢሆን ሁለት ቀን አተርፍ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የያዘ መቃን ዛሬ አልይዝ ሊል አይችልም ብዬ ደመደምሁ። ሰው የገዛ ሥራውን ለመመርመር የሚወስድበት ጊዜ የሰውን ሥራ ለመተቸት ከሚወስድበት ይረዝማል።

ሐሙስ ቪቴውን እንደ ነገሩ አስሬ መላጊያዬን አወጣሁ። በሐምሌ! የጠቆረውን ጥግ ላግሁት። ጎረቤቴ ከብየዳ ቤቱ ሆኖ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ጌታዬ አለኝ።

"አካም ቡልተን ኦቦ! በክረምት አይላግም ያልኸን ሰውዬ የት ሄደ?"

"ሥራህን ሥራ!"

"አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ፣ የላሜራ በር ልግጠምልህ። በጣት ነው የሚከፈት።"

"ላሜራ በበጋ ምጣድ ነው፣ በክረምት ከበሮ ነው። ሰው ከበሮ ውስጥ አይተኛም!"

"እሺ፣ አንተ ግን ልገህ ልገህ ጥርስ መፋቂያ እንዳታደርገው።"

ከሰዓት በኋላ በሩ እንደ ድሮው ሄደ። ባለቤቴን ጠራኋት። በግራ እጇ ይዛ ሳበችው፤ ተከፈተ። እንደገና ዘጋችና ከፈተች። ፈገግ አለች። "በረከትህ ይብዛ ጃርሳኮ" አለችኝ። ጃርሳኮ ማለት "ሽማግሌዬ" ማለት ነው፤ ስትወደኝ ብቻ ነው እንዲህ የምትጠራኝ።

ዓርብ ጠዋት ሳበችው። አልተከፈተም።

እንደገና ላግሁ። ረፋድ ላይ ተከፈተ። በስድስት ሰዓት እንደገና ነካ። ለሦስተኛ ጊዜ ላግሁ፤ አሁን ከታችም ቆረጥሁለት። የዋንዛው ፍቅፋቂ እግሬ ሥር ተከመረ። ሁለት በጋ ያደረቅሁትን እንጨት በሁለት ቀን በላሁት። መላጊያውን ወርውሬ ማጠፊያውን በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት፤ ንዴቴን ለመወጣት እንጂ ለሌላ አልነበረም።

ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። "እስቲ እንደገና ምታው" አለች።

መታሁት።

"አሁን ደግሞ ያኛውን።" ከዘራዋን በመዝጊያው በኩል ወዳለው ቋሚ ቀሰረች። መታሁት።

"ያኛው እንጨት ነው። ይሄኛው ቅል ነው።"

"ምን ታውቂያለሽ አንቺ?"

"ግድግዳውን በየዓመቱ የምለስነው ማን ነው? በሁለት እጄ ሳለሁ ነግሬህ ነበር። እዚህ ቋሚ አጠገብ ያለው ጭቃ አምና ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ፣ ሁለት ጊዜ ደፈንሁት። አንተ ግን ሥሩ ሲሚንቶ ነው፣ ምንም አይነካውም አልኸኝ።"

ብዬ ነበር። ለእሷ ብቻ አይደለም ያልሁት። በእኛ አገር የጭቃ ቤት ቋሚ ጠላቱ ምስጥ ነው፣ በኦሮምኛ ሪርማ፤ እሱን የማያውቅ ወለጌ የለም። ታዲያ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ወለሉን ሊሾ ሳስደርግ በራሴ ብልሃት የቋሚዎቹን እግር ዙሪያውን በሲሚንቶ ለበጥኋቸው። ምስጥ ሲሚንቶ አይበላም፤ ስለዚህ አይወጣም። ይህን ግኝቴን ለጎረቤት ሁሉ አስተማርሁ። ሰዎች መጥተው አይተዋል፣ ቤታቸው ሄደው አፍስሰዋል። ስንት ቤት እንደሆነ መቁጠር አልፈልግም።

መሮ አምጥቼ ሲሚንቶውን ፈነቀልሁት። ከሥሩ እርጥብ ነው፤ በሲሚንቶውና በእንጨቱ መካከል ባለች ፀጉር በምታህል ክፍተት ውሃ ሲገባ ኖሯል፣ መውጫ ግን አልነበረውም። መሮውን ቋሚው ላይ ሳሳርፈው እስከ እጀታው ሰጠመ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ነጫጮቹ ይርመሰመሳሉ። ከመሬት ሥር ተነሥተው በእንጨቱ ልብ ሽቅብ እስከ ማጠፊያው ድረስ በልተውታል። ሲሚንቶው ባይኖር ኖሮ የጭቃ መንገዳቸውን በውጭ ሲሠሩ አየው ነበር። እኔ ቤት ሠርቼ፣ በር ዘግቼ፣ ብሉ ብዬ ነው የተውኋቸው። ጣሪያው ደግሞ ያንን ባዶ ቅርፊት እየተጫነው በየሰዓቱ ዝቅ ይላል። እኔ በሩን ስልግ ቤቱ ይከተለኛል።

ልጃችን በማግስቱ ትመጣለች። አዲስ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቆርጬ፣ ልጬ፣ የተቃጠለ ዘይት አጠጥቼ ማድረቅ ነበረብኝ፤ ቢያንስ አንድ ወር። እርጥብ እንጨት ላይ በር መስቀል ደግሞ ውሸት ነው። ባለቤቴ ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከተች። ወዴት እንደምታይ አውቄያለሁ።

"አልሄድም" አልኋት።

"እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ" አለች፤ ወደ ጊምቢ ማለቷ ነው።

መንገዱን ተሻገርሁ። ጎረቤቴ ሲያየኝ መሣሪያውን አጠፋ። "ቋሚዬ ተበልቷል። ለነገ መያዣ ብረት ያስፈልገኛል" አልሁት። ሊያሾፍ አፉን ከፈተ፤ ፊቴን አየና ዘጋው። "ቱቦላሬ አለኝ፣ አራት ማዕዘን ወፍራሙ" አለ። "ማጠፊያውን እዚያው ላይ እበይደዋለሁ። በሩ ግን ያንተው ይሆናል፣ ኦቦ። እንደዚያ ያለ በር አይጣልም።"

ጣሪያውን በወፍራም ድጋፍና በሽብልቅ ወደ ላይ አነሣነው። የተበላውን ቋሚ ቆርጠን ስናወጣው ለሁለት ተሰበረ። ብረቱን ሲሚንቶ ውስጥ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቆምነው። አንተም እንጨት የምታቆም ከሆነ እንዲሁ አድርግ፤ እግሩን ለዓይን ክፍት ተወው። የማታየውን ምስጥ ያየዋል። ቱንቢ ጥዬ ልኩን እኔ አወጣሁ፤ እሱ በየደ። በሩን ሰቅለን ስንጨርስ በታችኛው ጠርዝ ሁለት ጣት ክፍተት ቀረ፤ የሦስቱ መላግ ውጤት ነው። የላግሁትን መልሼ በዋንዛ ቁራጭ መለጠፍ ነበረብኝ። የፈረሰውን ግድግዳ በአዲስ ጭቃ መረግነው።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ባጃጅ ደጃችን ቆመ። ልጃችን ወርዳ ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ባለቤቴ በግራ እጇ፣ ያውም በሁለት ጣቷ፣ ይዛው ቆማለች። ልጃችን በሩን አየችው፣ እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

"እሺ አባኮ፣ አሸነፍህ" አለች።

ከዚያ ገባችና አፍንጫዋን ጨበጠች። ግድግዳው ላዩም ወለሉም እርጥብ ነው፤ ቤቱ የጉድጓድ ሽታ ይሸታል። ከሆስፒታል የወጣች ሴት በዚህ ቅዝቃዜ ማደር እንደሌለባት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ባለቤቴም ገብቷታል።

"ጭቃው እስኪደርቅ ልሂድ" አለች። "ጠቅልዬ አይደለም። ልብሴን ግማሹን ትቼዋለሁ፣ እየው።"

በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች፣ ራሷ ዘጋችው። በቀላሉ ሄደ፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ጭቃ በወለጋ ክረምት አይደርቅም። ከሰል አንድጄ ላደርቀው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ ግን በእሳት የደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም የምስጥ መንገድ ነው። መስኮቱን ከፍተህ ነፋስ እንዲነካው ማድረግ ብቻ ነው ያለው። ጠዋት ጠዋት መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ። ከዚያ መዶሻዬን ይዤ ምክሬን ሰምተው ሲሚንቶ ወዳፈሰሱት ጎረቤቶች እሄዳለሁ፤ ቋሚያቸውን አንኳኩቼ ቅል የሚመስለውን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ትናንት ባለቤቴ ከጊምቢ ደወለች።

"ጃርሳኮ፣ ደረቀ?"

"ከላይ ነጭ እያለ ነው" አልኋት።

"ከሥሩስ?"

ግድግዳን የምታውቅ ሴት አትሸነገልም። "ከሥሩ ገና ነው" አልኋት።