ያ ልጅ እንዴት ዋለ?

አያቴ ከአንኮበር እኔ ወዳለሁበት ደብረ ብርሃን በደወሉልኝ ቁጥር፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለ አንድ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ነበር። «ያ ልጅ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል። በጉልምስናቸው ግጥሚያውን በሬዲዮ እየሰሙ የወደዱት ሰው ነው። ዛሬ እሱም አርጅቶ ታሟል። እኔም ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ።

«ሆስፒታል ገብቷል አሉ፣ አባባ።»

«እኔስ ወልደ ሚካኤል እያልኩ በጸሎቴ አነሳዋለሁ። በዓለም ስሙ አይጸለይለትም ብዬ፣ የክርስትና ስም አወጣሁለት።»

ባለፈው ወር አያቴ አረፉ። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ፣ ከቤተሰቡ የምታውቀው ታላቋ አክስቴ ብቻ ነበረች።

«ወልደ ሚካኤል» አለች።

እስካሁን አልገባኝም። ስማቸውን ለሰውየው አካፍለውት ነው? ወይስ በእሱ አሳበው ለራሳቸው ሲጸልዩ ኖረዋል? ቄሱ ስሙን በጠሩ ቁጥር ለየትኛው እንደማለቅስ ግራ ገባኝ።

ትናንት ቦክሰኛው ድኖ ከሆስፒታል መውጣቱን አነበብኩ። ሳላስበው ወደ አያቴ ስልክ ደወልኩ። አክስቴ አነሳችው። የምለው ጠፋኝና፣

«ወልደ ሚካኤል ተሽሎታል» አልኳት።

ቀስ ብላ፣ «ማን ነገረሽ?» አለችኝ።