የዳልጮ አስራ አንድ ቀን

ውሸት አልወድም። ባሌ ዳልጮ ትናንት ሲቀበር አስከሬኑ ላይ ውሸት ሊነበብበት ነው ብዬ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ጮኼአለሁ። ምን ይሉኝ አላልኩም።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ባዘዘው ነው፤ በደርግ ጊዜ ከዳልጮ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ የነበረ ሰው። ወደ መቃብር ከመውጣታችን በፊት መጀመሪያ ለእኔ አንብብልኝ አልኩት። መነጽሩን አድርጎ ጀመረ። ካምባ ተወለደ፣ ጫኖ አስተማሪ ሆነ፤ እውነት። "የጋሞ ገበሬ በማያውቀው ቋንቋ አይዳኝ" ብሎ ወጣቱን አደራጀ፤ እሱም እውነት። በራሪ ወረቀቱን ነጠላዬ ስር ደብቄ ምዕራብ ዓባያ ገበያ ያደረስኩት እኔው አይደለሁ?

ቀጠለ። "አማርኛ ለማይሰሙ እስረኛ ገበሬዎች ፍርድ ቤት አስተርጓሚ እንዲመደብ ጠይቆ፣ አስራ አንድ ቀን እህል አልቀመሰም።"

"ቁም!" አልኩት። "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?"

በየቀኑ ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ! የአምስት ወር እርጉዝ ሆኜ፣ ከጫኖ አርባ ምንጭ እስር ቤት ድረስ በእግሬ። የበቆሎ ቂጣ ሽፈራው ከምትሉት ከሀለኮ ጎመን ጋር። ሳህኑ አንድም ቀን ፍርፋሪ ይዞ አልተመለሰም። ዳልጮ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈቶ ሲመጣም ስለ ረሃብ ትንፍሽ አላለም። ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ "ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው።"

ፓስተር ዕዝራ ጠጋ ብሎ "እማማ ዘሪቱ፣ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው፤ ቢነበብ ምን አለበት?" አለኝ።

"እግዚአብሔር ፊት የሚነበብ ነገር ነው! ዳልጮ የሠራው ይበቃዋል፤ ያልሠራውን ማን ለጥፍበት አለው? ካልተሰረዘ አስከሬኑ ከዚህ ቤት አይወጣም!"

ባዘዘው ወረቀቱን አጠፈ። "እትዬ ዘሪቱ፣ ስንቁን የበላነው እኛ ነን።"

"እናንተ? እሱስ?" አልኩት።

"ሳህኑ ሳይነካ ይመለስ ብንለው እምቢ አለ። በዚያ ዘመን ስንቅ ከተመለሰ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ እንጂ! ስንቅህ ከተመለሰ ተገድለሃል ማለት ነው። ጎረቤቴ አሰፋሽ ስንቋ ሲመለስላት እዚያው በሩ ላይ ነው የወደቀችው።

"'ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሳህኑ ሞልቶ ቢመለስላት ሞተ ብላ ትሞትብኛለች። ብሉ!' አለን። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኛም በላን። ጠባቂዎቹ ባዶውን ሳህን እያዩ ሳቁበት፤ አስራ አንደኛው ቀን ራሱን እስኪስት ማን ይመነው? ከዚያ ነው አስተርጓሚ የመጣው። ለአንቺ እንዳልናገር አስማለኝ። 'ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው ለሌላ ሰው ሆድ መሆኑን አትስማ' ብሎ። ዛሬ ግን ይህን ሳልጽፍ ልቀብረው አልቻልኩም።"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አይ ዳልጮ! አይ ሞኙ!

እኔስ ብልጥ ሆኜ ነው? ያን ሰሞን ቤቴ የነበረው በቆሎ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚበቃው። እሱ ይብላ ብዬ፣ እኔ ጎረቤት ከሰጠኝ ስኳር ድንች በቀር ሌላ ሳልቀምስ ነበር ያን መንገድ የምሄደው። ይቆጨዋል ብዬ እስኪሞት አልነገርኩትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛው አርባ ሰባት ዓመት አደረ። ለካ እሱም ተርቦ፣ እኔም ተርቤ! እንባዬ ወረደ፤ አልጠረግኩትም።

ባዘዘውም አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል።

"ለመሆኑ ጣፍጧችሁ ነበር?" አልኩት።

"በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምግብ አልበላሁም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው እሱንም ጨምርበትና ተነስተህ አንብብ።"