ፒያሳ ላይ የተሰቀሉ የሐይቅ ገመዶች

መሥሪያ ቤት በገባሁበት ቀን መጀመሪያ ያሠሩኝ ሥራ ገመድ መስቀል ነበር። ክፍሏ ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት በላይ፣ በጀርባ በኩል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስቱ ግድግዳ ፋይል ነው። አራተኛው ላይ ምስማር በረድፍ ተመትቶ፣ በየምስማሩ የተጠቀለለ የቃጫ ገመድ ተንጠልጥሏል። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ፣ ሐይቅ በዓይኔ አይቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ገመዱ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ያን ጊዜ ሰው ፊት አፌን መክፈት ጭንቄ ነበር።

ያስረዳችኝ ታይፒስቷ አልማዝ ናት።

«ሐይቁ የመንግሥት ነው» አለችኝ። «ጀልባ ያለው ሰው ከዳር ወደ ውሃው የሚገባ የእንጨት መረማመጃ ሲሠራ፣ ወይም ጀልባ ማሰሪያ ችካል ሲተክል፣ እኛን ያስፈቅዳል። ፈቃዱ ላይ ርዝመቱ ይጻፋል። ሁሉም እንደፈለገ ካስረዘመ ለሌላው ጀልባ መተላለፊያ አይቀርም። ይኸውልሽ፣ እዚህ የተሰቀለው ሁሉ የሰው መረማመጃ ነው።»

«በገመድ?» አልኩ በቀስታ።

«የብረት ሜትር ነበረን። አዋሳ ሐይቅ ውስጥ ገባ። እስካሁን ደብዳቤ አልጻፈልንም።»

ሜትሩ ከእጃቸው ያመለጠው ተቆጣጣሪያችን ባሻ ወልዴ ነበሩ። ከቢሾፍቱ እስከ አዋሳ ያሉትን ሐይቆች እየዞሩ የሚያዩ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሌላ ሜትር እስኪገዛ ተብሎ በገመድ መለካት ጀመሩ፤ በዚያው ቀረ። የገመዱን ጫፍ የመረማመጃው መነሻ ላይ ያስራሉ፣ እስከ መጨረሻው ጣውላ ይወጥራሉ፣ እዚያ ላይ ይቋጥራሉ፣ ይቆርጣሉ። የባለቤቱንና የሐይቁን ስም የያዘ ካርድ ቋጠሮው ላይ አስረው ያመጡልናል።

የእኔ ሥራ ከዚያ ይቀጥላል። በኮሪደራችን የእንጨት ወለል ላይ በየሜትሩ የነሐስ ምስማር ተመትቶ ነበር። ገመዱን በእነሱ ላይ እዘረጋለሁ፣ ትርፉን በማስመሪያ እለካለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ እሰቅላለሁ። ሥራውን ወደድኩት። ገመድ አያናግርም። ከታች የወርቅ አንጥረኞቹ መዶሻ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ በእሱ ምት እየቆጠርኩ መዘርጋት ለመድኩ።

የክፍሉ ሹም አቶ ሰይፉ ይባላሉ። ፋይል ሳያነቡ አይፈርሙም፣ ማንም ቢለምናቸው ሕግ አያጎድሉም። ሕጉ ደግሞ አጭር ነበር፤ ከፈቃዱ ከግማሽ ሜትር በላይ የረዘመ መረማመጃ ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል።

በአራተኛው ዓመቴ፣ መስከረም ሲጠባ፣ አቶ ቱፋ የሚባሉ ሰው የማፍረሻ ትእዛዝ በእጃቸው ይዘው መጡ። ዝዋይ ላይ የደሴቱን ሰው በጀልባ ወደ ገበያ የሚያሻግሩ ሰው ናቸው። ፈቃዳቸው አሥራ ሁለት ሜትር ነው። መዝገቡ አሥራ ሁለት ከሰማንያ ይላል። ሠላሳ ቀን ተሰጥቷቸዋል።

«አንድ ጣውላ አልጨመርኩም፣ ጌታዬ» አሉ። «ዳሩ ረግረግ ነው፤ ጉማሬም አለበት። መረማመጃው ከፈረሰ ጀልባዬን የሚሳፈር የለም።»

«ገመዱ አይዋሽም፣ አቶ ቱፋ።»

«እኔም አልዋሸሁም።»

«እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነዋ» አሉ አቶ ሰይፉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

አቶ ቱፋ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ አሉ። ያንን ገመድ የለካሁት እኔ ነበርኩ። አውርጄ፣ እሳቸው እያዩኝ፣ እንደገና ዘረጋሁት። አሥራ ሁለት ከሰማንያ። ሦስት ጊዜ ለካሁት።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔም እያየሁት ነው። ግን አልጨመርኩም።»

ዘመድ ቤት እንደሚያርፉና በሳምንቱ እንደሚመለሱ ነግረውን ሄዱ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እሪ በከንቱ፣ እናቴ ግቢ፣ ልብስ አጥቤ ላሰጣ ወጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ተወጥሮ የከረመው የልብስ ማስጫ ገመድ ረግቦ ጭቃ ሊነካ ደርሷል። እናቴ ከውስጥ ሆና «ዝናቡ ወጣ እኮ፣ አጥብቂው» አለችኝ። ሁልጊዜ የምትለው ነው። ሰኔ ሲገባ ታላላዋለች፣ አለዚያ ዝናብ ሲመታው አጥሮ ምሰሶውን ይነቅላል። መስከረም ላይ ታጠብቀዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ገመድ ሳላላና ሳጠብቅ ኖሬአለሁ። እርጥቡን አንሶላ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ከፈትኩ። በአራት ዓመት ውስጥ አስረዝመዋል የተባሉ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ዘጠኙም የተለኩት በሐምሌና በነሐሴ ነው። አቶ ሰይፉ ይህን ያውቁ ነበር፤ ሰዎቹ ክረምት ላይ ተቆጣጣሪ አይመጣም ብለው የሚያስረዝሙ ይመስላቸው ነበር።

ባሻን ፈልጌ አገኘኋቸው። «ዝዋይ ላይ ሲለኩ ገመዱ እርጥብ ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ራሴ በስብሼ ነበር።»

ነገሩን ለአልማዝ ነገርኳት። «ሂጂና ንገሪያቸው» አለችኝ። በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለተኛም ሄጄ ተመለስኩ።

«ካልሆነልሽ እኔ ልንገርልሽ» አለች። «ግን ታውቂኛለሽ፣ እጨምርበታለሁ።»

መናገር አቃተኝ፤ ስለዚህ ባልዲ ውሃ ቀድቼ የአቶ ቱፋን ገመድ ነከርኩት። ጥሩ አድርጎ ሲጠጣ አውጥቼ በአቶ ሰይፉ በር ፊት ለፊት፣ በምስማሮቹ ላይ ዘረጋሁትና ትርፉ ላይ ማስመሪያ አስቀመጥኩ። ውሃው በወለሉ ሄደ። በሩ ተከፈተ።

«ይህን ወለል ማን ነው ያረጠበው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ምን ሆነሽ?»

«እባክዎ ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። «አሥራ ሁለት ሜትር ከሁለት ሳንቲም። የማን ነው?»

«የአቶ ቱፋ።»

ካርዱን አዩ። ቋጠሮውን በጣታቸው ነካኩ፤ ባሻ እንዳሰሩት ነበር። «ቅዳሜ ስንት ነበር?»

«አሥራ ሁለት ከሰማንያ። ደርቆ ነበር። ሲለካ ግን እርጥብ ነበር፣ ዝናብ መትቶታል። ቃጫ ሲርስ ያጥራል፤ ሲደርቅ ይረዝማል። የልብስ ማስጫም እንዲሁ ነው።»

ከዚያ በፊት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬላቸው አላውቅም። አቶ ሰይፉ ቀና አሉ። «እንዲህ ያለ ስንት አለ?»

«ዘጠኝ።»

«ስንቱ ፈረሰ?»

«ሁለት። የቀሩት ገና አፍራሽ አልደረሰባቸውም።»

አቶ ቱፋ ተቀምጠውበት የነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ባልዲው ዘርግተው «አምጪው፣ ሁሉንም እንየው» አሉ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ገመድ ስንነክር ዋልን። አልማዝም መጥታ ጫማዋን አውልቃ ጫፍ ያዘችልን። ስምንቱ ወደ ፈቃዳቸው ልክ ተመለሱ። አንዱ፣ የቢሾፍቱ የአንድ ትልቅ ሰው ገመድ፣ ከነውሃውም ሁለት ሜትር ይተርፍ ነበር። «ይኼኛውን ባሕር ውስጥ ብንከተውም አያጥርም» አለች አልማዝ። አቶ ሰይፉ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

አቶ ቱፋ በሳምንቱ ሲመጡ አቶ ሰይፉ ከወንበራቸው ተነሡ። «የተሳሳትነው እኛ ነን» አሏቸው።

«እኔማ ነግሬዎት ነበር፣ ጌታዬ።»

«ነግረውኛል።»

ትእዛዙን ፊታቸው ቀደዱት። መረማመጃቸው ለፈረሰባቸው ለሁለቱም አቶ ሰይፉ በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ጣውላውን መሥሪያ ቤቱ እንዲያቀርብ አስፈቀዱ። አንደኛው መልሶ ሠራ። ሌላኛው ጀልባውን ሸጦ ከአካባቢው ሄዷል ተባለ። ባሻ በየሄዱበት ቢጠይቁም አላገኙትም። የእሱ ገመድ አሁንም ምስማሩ ላይ አለ፤ እኔ አላወረድኩትም።

ከዚያ ወዲህ ካርዱ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ ገመዱ ሲለካ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ፣ ባሻ ይጽፋሉ። ለእኔም ባልዲ ተመደበልኝ። የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ተጽፎበታል።

በሚቀጥለው የበጋ ወራት ባሻ ለሥራ ዝዋይ ሲሄዱ አቶ ሰይፉ አብሬ እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ሐይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። አቶ ቱፋ መረማመጃቸው ላይ አወጡኝና እስከ መጨረሻው ጣውላ ሄድኩ። ከጀልባው የወረዱ ሴቶች ቅርጫታቸውን ተሸክመው በጎኔ አለፉ፣ እግራቸው ጭቃ አልነካውም። ርዝመቱን በኮሪደራችን ወለል ላይ አውቀው ስለነበር እንግዳ አልሆነብኝም።

አሁን ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሬአለሁ። መዝገብ ቤቱን ለተረከባችሁት ሁለት እህቶቼ ይህን ጻፍኩ። ገመድ ሲመጣላችሁ ካርዱን አንብቡ። እርጥብ ከሆነ የተለካው ነክራችሁ ለኩት። ካርዱ ባዶ ከሆነ ለካሁ ያላችሁን ሰው ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ መዝገብ ላይ አትጻፉ።