ያጠብኩት ሚግ

እኔ ሸዋርካብሽ ምናለሽ ተራ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ያረጀ ዕቃ አዲስ እያስመሰልኩ ሸጫለሁ። የጠቆረ ድስት፣ የዛገ ፋኖስ፣ የወየበ ትሪ ስጡኝ፤ በአመድና በአሸዋ ፈግፍጌ ፊታችሁን አሳያችኋለሁ። ባለሙያ ነኝ፣ ምን ያሽኮረምመኛል! ግን ይኼ እጄ አንድ ቀን የሠራውን እነግራችኋለሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ ማሙሸት ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ። ከዚያ በፊት አየር ኃይል ውስጥ የሚግ መካኒክ ነበሩ፤ በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን እኛ ተራ መጥተው መዶሻ ጨበጡ። እሳቸው ዝምተኛ፣ እኔ አፌ የማያርፍ። ተስማምተን ኖርን።

አንድ ቀን ከዘይት ጣሳ አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሁለት ሜትር ነው። ለማን ነው ብዬ ስነዘንዛቸው ከርሜ በመጨረሻ ነገሩኝ። መቶ አለቃ ኢዩኤል የሚባል አብራሪ ነበር። እሳቸው ባዘጋጁለት ሚግ በሰማንያ ሁለት ከአስመራ ተነሥቶ በዚያው ቀረ። ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ። እናቱ እትዬ በለጥሻቸው ራጉኤል ጀርባ ይኖራሉ፤ የሄደበትን አውሮፕላን በዓይኔ ሳላይ አላለቅስም ብለው ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ምሳውን ከድነው ያስቀምጡለታል። ጋሼም አሳይዎታለሁ፣ እርምዎን ያወጣሉ ብለው ቃል ገቡ።

ቅጥቀጣው እዚሁ ተራ፣ ፊታችን አለቀ። የቀረውን ቤታቸው ወስደው ዓመት ከመንፈቅ ቆዩበት፤ ምን እንደሚሠሩ አልነገሩኝም። ለቅሶው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው አመጡትና፣ ከእድሩ ጋር ድንኳን ሊያስተክሉ ሲሄዱ፣ ጠብቂልኝ አሉኝ።

ጨርቁን ገለጥኩት። ወይ ጉድ! ጭራው ጥላሸት ለብሷል፣ ክንፉ ሥር ዘይት ተንጠባጥቧል፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል። ምስኪን፣ ዓይናቸው ደክሞ ነው አልኩ። ለዚያች እናት እንዲህ ያለ ቆሻሻ ይቀርባል? እጅጌዬን ሰብስቤ ፈገፈግሁት። ከዚያ ብርማ ቀለም ቀባሁት። ፀሐይ ላይ ሲያበራ ተራው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ጋሼ ሲመለሱ ቆመው ቀሩ። እንባቸው ወረደ። የደስታ መስሎኝ ነበር፣ አፈር ልብላ!

"ሸዋርካብሽ፣ ምን አደረግሽው?" አሉ።

በርሜል ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው አስረዱኝ። ያ ጥላሸት፣ ያ ዘይት፣ ያ ጭረት ሁሉ ሚጉ በመጨረሻው ጠዋት የነበረበት መልክ ነው። በቡታጋዝ ጭስ አጥቁረው፣ በላባ ዘይት አንጠባጥበው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ያስታወሱትን ሁሉ መልሰውበታል። ከአብራሪው መቀመጫ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ጥፍር የምታህል ቀለሟ የለቀቀ ቦታ ነበረች። ኢዩኤል ሊሳፈር ሲል ሁልጊዜ በመዳፉ መታ መታ የሚያደርጋት ቦታ። ይህን ለእናቱ ነግረዋቸዋል፤ ጣታቸውን እሷ ላይ አሳርፈው ሊያለቅሱ ነበር። ምነው ያን ዕለት እጄን በቆረጠው!

ድንኳኑ ተተክሏል፣ ለቀስተኛው ተጠርቷል። በማግስቱ ይዘነው ሄድን። እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀረቡና በግራ በኩል ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት።

"ማሙሸት፣ ያቺ ቦታ የታለች?"

ጋሼ መዋሸት አልቻሉም፤ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እትዬ በለጥሻቸው እግር ላይ ወድቄ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልኩ ጮህኩ። አልሰሙኝም። ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

"ይኼማ አዲስ ነው፤ የትም አልሄደም። ልጄም አልሄደም" አሉ።

ድንኳኑን አስነቀሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና ምሳውን ከደኑለት።

ጋሼ እንደገና ጣሳ መቁረጥ ጀመሩ፣ ግን አልደረሱም። እትዬ በለጥሻቸው በጥር አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ጓዳ ገብቼ ሳግዝ፣ የኢዩኤል ምሳ ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ አገኘሁት። አንዲት ጎረቤት ምግቡን ገለበጠችና ሳህኑን ሰጠችኝ፣ እጠቢው ብላ።

አልቻልኩም። ይዤው ቆሜ ቀረሁ።