ጡሩምባው የማይሰማበት ጉድጓድ

በጎሚስታ ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር የማስቲሽ ሽታ እግሬን ይይዘዋል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ፣ የተቀደደ ካላማዳሪ ሲለጠፍ እያየሁ፣ ሳላውቀው ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ መቁጠር እጀምራለሁ፤ የምነቃው ጎሚስታው «ምን ልታዘዝ እናቴ?» ሲለኝ ነው። ምን ብዬ ልንገረው? በሐሳቤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከጓሯችን ጉድጓድ አፍ ላይ ገመድ ይዤ ተቀምጫለሁ።

አባቴ ታደሰ በባቡሩ ጥገና ቤት መካኒክ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ እጁ ትልቅ፣ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ምሳ ሲበላ እንኳ አንድ እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ ውሃው ከብርጭቆው እየዘለለ ይፈስ ነበር፤ እናቴም ጉልበቱን በእጇ ተጭና «ኧረ አቦ እረፍ! ባቡር ላይ የተሳፈርን አስመሰልከው እኮ!» ትለው ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ የእኛ ሰፈር የሚነሳውም የሚተኛውም በጥገና ቤቱ ጡሩምባ ነበር። ጠዋት ሲነፋ ሰው ይገባል፣ ስድስት ሰዓት ሲነፋ ወጥቶ ምሳውን በልቶ ከሙቀቱ ተደብቆ ይተኛል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲነፋ ደግሞ ዓይኑን ሳይገልጥ ኮፍያውን በዳበሳ ፈልጎ ይነሳል። በሩ ከተዘጋ በኋላ የደረሰ የግማሽ ቀን ሥራው ስለሚቀርበት ሰዉ ጡሩምባውን የሚሰማው በጆሮው ሳይሆን በእግሩ ነበር ማለት ይቻላል። የዘጠኝ ሰዓቱ ሲነፋ እናቴ በጣሳ ውሃ ይዛ አባቴ ወደሚተኛበት ክፍል ትገባና «ታደሰ፣ ፊትህን ታጠብ» ትለው ነበር። እኔም ከእንቅልፌ የምነቃው በዚያው ነበር።

በታኅሣሥና በጥር፣ ሙቀቱ ጋብ ሲልና ነፋስ ሲነሳ፣ የአባቴ ሐሳብ ሁሉ ወደ ላይ ነበር። እሑድ እሑድ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ተቀምጦ የሚነሳውንና የሚያርፈውን ሲያይ ይውልና፣ ቤት ገብቶ ቀርከሃ እየሰነጠቀ፣ እናቴ ለአንሶላ የገዛችውን አቡጀዲድ በዱቄት ሙጫ እያደረቀ፣ ሞተር የሌለው ክንፍ ይሠራ ነበር። በመጨረሻ ክንፉን በአህያ አስጭኖ፣ ወደ ሐርላ በሚወስደው መንገድ ካለ ኮረብታ ላይ ወጣና፣ ፍየል ጠባቂዎች «ወርያ! ወርያ!» እያሉ ሲጮሁ ከአፋፉ ሮጦ ዘለለ። እሱ የሦስት ፉርጎ ርዝመት በረርኩ ይል ነበር፤ እኔ ከታች ሆኜ እንዳየሁት ከአንድ ፉርጎ አያልፍም። ግን ያችን ያህል በእውነት በሯል፤ እግሩ በአየር ላይ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ክንዱ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ዘንድ ጥርሱን ነክሶ እያላበው ዋለ።

እናቴ አላለቀሰችም። ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ አልጋው ሥር አደረገችና፣ «ሁለተኛ ወደ ላይ ብትወጣ ልጄን ይዤ ሚኤሶ እናቴ ቤት እገባለሁ። በቁልቢው ገብርኤል ማል!» አለችው።

«በቁልቢው ገብርኤል፣ ሁለተኛ ወደ ላይ አልወጣም።»

እናቴ በነገር የምትቀልድ ሴት አልነበረችም። ቤት በጠረግሁ ቁጥር መጥረጊያዬ ሻንጣውን ሲነካው ወደ ግድግዳው ገፋ አደርገው ነበር።

ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ከጎረቤታችን ከአዴ ፋጡማ ጋር የምንጋራው ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ ወደቀ። አባቴ በገመድ ወርዶ፣ ጠልቆ፣ ባልዲውን ይዞ ሲወጣ ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ያበራ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ። በሳምንቱ የሃያ ሊትር የዘይት ቆርቆሮ አፉን ቀዶ፣ ፊት ለፊቱ የባቡር ፋኖስ መስተዋት ገጥሞ፣ ዙሪያውን በካላማዳሪና በማስቲሽ አሽጎ፣ ራሱ ላይ የሚደፋው ቆብ ሠራ። አናቱ ላይ ረጅም የጎማ ቱቦ አሰረ፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ከአሮጌ የቆዳ ወናፍ ጋር ተያያዘ። ወናፉን ያመጣው ጋሽ ዑመር ነበር፤ በጥገና ቤቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ብረት ሲያግል የኖረ፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ።

«አባዬ፣ ለእማዬ ምለህ የለ?» አልኩት።

«የማልኩት ወደ ላይ አልወጣም ብዬ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ስለ ታች ማን ተናገረ?»

እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከምሳ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛ፣ እናቴም ስትተኛ፣ አባቴ በጎን በር ሹልክ ብሎ ይወጣና ወገቡ ላይ ቁርጥራጭ ብረት ታጥቆ ይወርድ ነበር። ጋሽ ዑመር ወናፉን ይነፋል፣ እኔ ገመዱን እይዛለሁ፤ ገመዱ አንድ ጊዜ ከተሳበ «ደህና ነኝ»፣ ሁለት ጊዜ ከተሳበ «አውጡኝ» ማለት ነበር። ወናፉ እፍፍ ባለ ቁጥር እኔም አብሬው እተነፍሳለሁ፣ አንድ ዓይኔ ጉድጓዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ የእናቴ መስኮት ላይ። ከታች ጠርሙስ፣ ጭልፋ፣ የበር ቁልፍ ያወጣ ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ እናቴ ስትፈልገው የኖረችውን የቀንድ ማበጠሪያ አወጣ። ከየት ተገኘ ብለን እንሰጣታለን? ትራሴ ሥር ደበቅሁት። ማበጠሪያው ጭንቅላቴን እየወጋኝ ስንት ቀን እንደተገላበጥሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ እንግዳ ስለመጣ አባቴ አርፍዶ ወረደ። ቶሎ እወጣለሁ ብሎ ነበር። ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ፣ ደህና ነው። ጋሽ ዑመር ላቡን በትከሻው እየጠረገ ይነፋል። ያን ጊዜ የዘጠኝ ሰዓቱ ጡሩምባ ጮኸ። ጋሽ ዑመር ወናፉን ለቀቀና ብድግ አለ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ኮፍያውን ደፋ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዳደረገው ቀጥ ብሎ በአጥሩ በር ወጣ። አፌ ተከፍቶ ድምፅ እምቢ አለኝ። ወናፉ ተኝቷል። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተሳበ፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ መቁጠር እስኪያቅተኝ ተወራጨ። በሁለት እጄ ብጎትት ብረት የታጠቀ ሰው ንቅንቅ አይልም፤ ውሃው በቆርቆሮው ውስጥ ወደ አፉ እየወጣ እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ።

ያን ሰዓት እናቴ ጣሳዋን ይዛ ልትቀሰቅሰው ገብታ ባዶ አልጋ አግኝታ ኖሯል። በጓሮው በር ብቅ ስትል እኔን አየች፣ ቱቦውን አየች፣ ወናፉን አየች። ጣሳውን ወርውራ ወናፉ ላይ በጉልበቷ ወደቀችና በሁለት እጇ መንፋት ጀመረች፤ እየነፋች ስትጮህ አዴ ፋጡማ «ያ ረቢ!» እያለች አጥሩን ጥሳ መጣች፣ ጋሽ ዑመርም ከመንገድ ሮጦ ተመለሰና ገመዱን ሦስት ሆነን ጎተትን። አባቴ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ውሃ እያስመለሰው ወጣ። ጋሽ ዑመር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «ወላሂ፣ የሄደው እግሬ ነው! እኔ አይደለሁም!» ይል ነበር። እናቴ አባቴ ከወጣም በኋላ መንፋቷን አላቆመችም ነበር፤ አዴ ፋጡማ ናት ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጀታው ያላቀቀቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ሻንጣዋን አውጥታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ጫማዬን አድርጌ፣ ማበጠሪያውን በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቧ ቆምኩ። እዚያው አስረከብኳት። ገልጣ አየችው።

«ታች ምን አለ?» አለችው ቀና ብላ ሳታየው።

አባቴ ያን ቀን እግሩ አልተንቀጠቀጠም። «ምንም የለም» አለ። «ጡሩምባው አይሰማም። ከኮረብታው የዘለልኩ ዕለትም ጆሮዬ ላይ ነፋሱ ብቻ ነበር። ሌላ ያጣሁት ነገር የለም፣ ዘነበች። እሱን ብቻ ነው።»

የሚኤሶው ባቡር ጮኾ ሄደ። እናቴ ተነስታ ሻንጣውን ወደ ቤት አስገባችና ከውስጥ ሆና፣ «ከእንግዲህ ከወረድክ የምነፋው እኔ ነኝ» አለች።

ሐምሌና ነሐሴ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ እየጮኸ ሲወርድ፣ የጉድጓዱም ውሃ ደፍርሶ፣ አባቴ በየቀኑ እየሄደ ያየው ነበር፤ እናቴም ከኋላው መጥታ «ገና ነው» ትለው ነበር። መስከረም ላይ ውሃው ጠራ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወናፉ ፊት ተንበረከከች፣ እኔም ከአዴ ፋጡማ ጋር ገመዴን ያዝሁ። አባቴ ታች እያለ የዘጠኝ ሰዓቱ ጡሩምባ ጮኸ፤ በየቤቱ በር ሲከፈት፣ በመንገዱ ጫማ ሲሮጥ ይሰማኛል። የእናቴ ክንድ ግን ጠነከረ እንጂ አልቆመም። አባቴ ሲወጣ የጥገና ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር። ሁለቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በሥራ ሰዓት፣ እግራቸውን ዘርግተው ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ጉድጓዱም ተደፍኗል። ባቡሩ ሌላ፣ ጣቢያውም ሌላ ሆኖ አሮጌው ጥገና ቤት ዝም ብሏል፤ አባቴ ያን ሁሉ ወርዶ የፈለገው ዝምታ አሁን ከተማው ላይ በነፃ አለ፣ የሚደሰትበት ሰው ነው የጠፋው። ከሁሉ አብሮኝ የቀረው ግን የእናቴ እጅ ነው። ከዚያ ግንቦት በኋላ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ የያዘውን እየጣለ ሲነሳ እሷ የያዘችውን አጥብቃ ትይዝ ነበር፤ መጥረጊያ ይሁን፣ የእኔ ጠጉር ይሁን። እኔም አሁን በስልኬ ደወል የምነሳና የምቀመጥ ሰው ሆኛለሁ፤ ደወሉ ሲጮህ ግን በእጄ ያለው የሰው እጅ ከሆነ አልለቅም።