የመሪጌታ ድምፅ የተቆለፈበት ሳምንት

እትዬ አገርነሽን የማያውቅ የፋብሪካችን ሠራተኛ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። ከቢሮዋ ለአፍታ እንኳ ስትወጣ በሩን ትቆልፋለች፤ መሳቢያውን ትቆልፋለች፤ የእጅ ቦርሳዋ ላይ ሳይቀር ትንሽ ቁልፍ አንጠልጥላለች። ምሳ ዕቃዋን ያልቆለፈችው ልክ የሚሆን ቁልፍ አጥታ ይመስለኛል። ይህቺ ሁሉን ቆላፊ ሴት ለኢሜይሏ ያበጀችው የይለፍ ቃል ግን የክርስትና ስሟ ነበር፤ ከኋላው የተወለደችበት ዓመት ተቀጥሎበት።

እኔ ምናሴ እባላለሁ፤ የዚያው ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ከደሴ መጥቼ ባሕር ዳር ከከተምኩ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ስለ ይለፍ ቃል መጨቃጨቅ ሆኗል። "እትዬ፣ ኧረ ይሄን ነገር ቀይሪው" ባልኳት ቁጥር መልሷ ያው ነው።

"የክርስትና ስሜን ማን ያውቀዋል? እኔ፣ የክርስትና እናቴ፣ እግዜር።"

የንስሐ አባቷን ረስታለች። ስሟን ለጸሎት የላከችባቸውን ገዳማት ሁሉ ረስታለች። የክርስትና ስም አይነገርም እንላለን እንጂ፣ አንድ ሰው "በጸሎት ላስብዎት" ካለን ገና ሳይጨርስ ነው የምንነግረው። እኔም ያው ነኝ።

ነገሩ ተራ ኢሜይል ቢሆን ኖሮ አሥር ጊዜ ቢሰረቅ ግድ አልነበረኝም። አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን በዘጌ በኩል ካሉት ደብሮች በአንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደኅና ሳሉ አገርነሽ ልትጠይቃቸው በሄደች ቁጥር በስልኳ ትቀዳቸው ነበር። ኋላ ስትሮክ መታቸውና ንግግራቸው ጠፋ። "ውኃ" ሊሉ ሲሞክሩ ሌላ ድምፅ ይወጣል፤ ይናደዳሉ። ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ሰፈር ወዳለው ቤቷ አምጥታ ስታስታምማቸው፣ አንድ ቀን ከቀዳችው ዜማ አንዱን ከፈተችላቸው። ሰውየው የራሳቸውን ድምፅ ተከትለው፣ አንድ ቃል ሳያዛንፉ አዜሙ። ሐኪሙ ብዙም አልተገረመም። "የንግግርና የዜማ ቦታቸው አንጎል ውስጥ ለየቅል ነው፤ በርቺ፣ በየቀኑ አሰሚያቸው" አላት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሩ ይከፈታል። መሪጌታ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት ያንን ሰዓት ነው።

የቀዳችበት ስልክ ከዘጌ ስትመለስ ከጀልባ ላይ አምልጧት ጣና ገብቷል። ደግነቱ ዜማው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ከኢሜይሏ ጋር በተያያዘው ማስቀመጫ ተቀምጦ ነበር። "አውርጂውና ሌላ ቦታም አስቀምጪው" ብዬ ስንቴ ለመንኳት።

"ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ጣና አይገባ። ምን ይሆናል?" ትለኛለች።

አንድ ቀን በቴሌግራም መልእክት ደረሳት። በእገሌ ገዳም ለሕሙማን ሱባኤ ይያዛል፤ የታማሚውንም የአስታማሚውንም የክርስትና ስም፣ የትውልድ ዘመንና ኢሜይል ላኩ ይላል። እንዲህ ያለ ገዳም እንኳን እኔ ካህናቱም ሰምተው አያውቁም። ለአባቷ የመጣ መድኃኒት የመሰላት አገርነሽ ግን አንድም ሳታስቀር ላከች። ለሌባው የቀረው ስምና ዓመቱን አጋጥሞ መሞከር ብቻ ነበር። በማግሥቱ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ኢሜይሏ አልከፈት አለ።

ቢሮዬ መጥታ የሆነውን ስትነግረኝ ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳይ ዘጋሁት። እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ያስታውቃል።

"አባባ ኮምፒውተሩን በእጃቸው ያሳዩኛል። ምን ልበላቸው? መብራት የለም አልኋቸው፤ አምፖሉ እየበራ።"

"እሳቸውስ?"

"አምፖሉን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።"

ለሌቦቹ ጽፋ ልትለምናቸው ፈልጋ ነበር። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው፣ አንዴ ሳያይ አንዴ ሲያሳይ ይባላል ብዬ ስልኩን ተቀበልኳት። አንድ ተስፋ ነበረን። ኢሜይሉን መጀመሪያ ስታወጣ፣ ችግር ቢመጣ ማረጋገጫ የሚላክበት ብላ የሰጠችው የክርስትና እናቷን ቁጥር ነው። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው መራዊ የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው፤ ስልክ ቁጥራቸውን ቀይረው አያውቁም። ሌባውም ገና አልነካውም። ማረጋገጫው እንዲላክ አደረግሁና አገርነሽ ደወለች።

"እማሆይ፣ ስልክዎ ላይ ቁጥር መጥቷል፤ ያንብቡልኝ።"

"መጥቷል። አላነብም።"

"ኧረ እኔ ነኝ! አገርነሽ!"

"አትንገሩ ያለችኝም አገርነሽ ናት። 'እኔ ነኝ ብልዎት እንኳ እንዳይነግሩኝ' ብላኛለች።"

እውነታቸውን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አጭበርባሪ ከባንክ ነኝ ብሎ ደውሎላቸው ሊያታልላቸው ሲል ለጥቂት ተርፈዋል። ያን ጊዜ በስልክ የመጣ ቁጥር ለሰው እንደማይሰጥ አጥብቃ ያስጠነቀቀቻቸው ራሷ ነበረች። በሥራ ዘመኔ ምክር እንዲህ ሙሉ በሙሉ የሰማ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም በማይሆን ቀን።

"ድምፄን አያውቁትም እንዴ?"

"ድምፅማ ዛሬ በማሽን ይሠራል አሉ። በሬዲዮ ሰማሁ።"

አገርነሽ ሲጨንቃት የክርስትና ስሟን ጠራችላቸው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ከዚህ ሁሉ የተማርነው ነገር ይኑር።

"ይሄንማ ማን የማያውቀው አለ" አሉ እማሆይ። "ልጄ ከሆንሽ ቤቴን ታውቂዋለሽ። ነይና ፊትሽን ልየው።" ስልኩን ዘጉት።

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። የተላከው ቁጥር ለደቂቃዎች ብቻ ነው የሚሠራው፤ መራዊ ደርሰን እንደገና ማስላክ አለብን። ሌባው እስከዚያ የእማሆይን ቁጥር ከቀየረው ደግሞ አለቀልን። መናኸሪያ ደውለን መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋገጥንና ሚኒባስ ያዝን። አገርነሽ ከቤት ያመጣችውን ላፕቶፕ እንደ ሕፃን ታቅፋ ተቀመጠች። ረዳቱ "ከላይ ልጫነው?" ቢላት ያየችው አስተያየት በእኔ ላይ እንኳ ወጥቶ የማያውቅ ቁጣ ነበረበት።

እማሆይ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። አገርነሽን አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯት፤ ግራ ቀኝ አዩዋት።

"እሷው ናት። ከስታለች እንጂ" አሉ።

እኔ ማረጋገጫውን እንደገና አስላክሁ። የእማሆይ ስልክ ጮኸ። እሳቸው ግን አሁንም አላነበቡትም፤ ስልኩን እንዳለ ለአገርነሽ ዘረጉላት።

"እንኪ፣ ራስሽ እይው። እኔ ለማንም አልተናገርሁም።"

ቁጥሩን አስገባን። ተከፈተ! ዜማው ሁሉ አንድም ሳይጎድል አለ። ደስ ሲለኝ የእማሆይን ትከሻ ሳልስም አልቀረሁም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንዲሉ፣ አገርነሽ ግን የአባቷን ድምፅ በጆሮዋ እስክትሰማ አላመነችም። ስትሰማ ሄዳ የእማሆይ ጉልበት ላይ ተደፋች። እማሆይ "ተይ፣ ተይ" እያሉ ራሳቸው አለቀሱ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝም እዚያው ቁጭ ብዬ ሥራዬን ሠራሁ። ሌባውን ከገባበት አስወጣሁት። ከዚህ በኋላ አዲስ ሰው ልግባ ካለ የይለፍ ቃሉ ብቻ እንዳይበቃው፣ በስልኳ የሚመጣ ቁጥርም እንዲጠየቅ አደረግሁ። ዜማውን በሁለት ሃርድ ዲስክ ገለበጥሁ፤ አንዱ እማሆይ ሣጥን ገባ። ከዚያ ሣጥን ማን እንደሚያወጣው አላውቅም። አዲሱን የይለፍ ቃል አገርነሽ ስትጽፍ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ረጅም ነው፤ ብዙ ፊደል ስትመታ ሰምቻለሁ። ጀርባ ተሰጥቶኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ግሽ ዓባይ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መሪጌታ ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። አገርነሽ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ አንገታቸው ቀና አለ። መቋሚያቸውን በደኅናው እጃቸው ያዙና ወለሉን መታ መታ እያደረጉ ተከተሉት። ቃሉ ከአፋቸው ጥርት ብሎ ይወጣል። እኔ ዜማ አላውቅም፤ ግን ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ።

ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል አገርነሽ ሶፋው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወስዷታል። መሪጌታም አዩዋት። መቋሚያውን ቀስ ብለው ከጎናቸው አጋደሙት፤ በእጃቸው ወደ ኮምፒውተሩ እያሳዩ ቀንስ አሉኝ። ቀነስኩ። እንደገና ቀንስ አሉኝ። ጨርሶ ዘጋሁት። ያቆማሉ ብዬ ነበር፤ አላቆሙም። ልጃቸው እንዳትነቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምንም የሚከተሉት ድምፅ ሳይኖር ብቻቸውን ቀጠሉ።